ከግላስጎ ጓሮ እስከ ሴባስቶፖል
የሠዓሊው የዊልያም ሲምፕሰን ሕይወት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ፋርጣን አልፎ ጋይንት ሲገባ ነፋሱ ባርኔጣውን ሊቀማው ይታገለዋል። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከነፋስ መውጫ ወዲያ ደግሞ ጨጨሆ አለ። ዛሬ ከወረታ እስከ ወልድያ ቻይናውያን የሠሩት አውራ ጎዳና በዚያ ስለሚያልፍ ተሳፋሪው ቁልቁለቱንና ዳገቱን በመስኮት እያየ ይሻገረዋል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ያ አገር መንኰራኵር አያውቅም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ ጋፋት ላይ በፈረንጆች ባለ እጆች ያስቀለጡትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ በዚሁ በጋይንት በኩል አስጐተቱት። ድንጋዩ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተደለደለ፥ በመቶ የሚቈጠር ሰው በገመድ እየሳበ፥ ጉዞው እስከ መጋቢት ወር ድረስ ወራት ፈጀ። የዚያ መድፍ ስም ሴባስቶፖል ነበር።

ስሙ የመጣው ከሩቅ ነው። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር በክሪሚያ የምትገኝ የመስኮብ የጦር ወደብ ናት። እንግሊዞች፥ ፈረንሳዮችና ቱርኮች ባንድነት ሆነው አሥራ አንድ ወር ያህል ከበዋት በመጨረሻ በ1847 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይዘዋታል። ዐፄ ቴዎድሮስ የዓለምን ወሬ የሚከታተሉ ንጉሥ ነበሩና የዚያች ከተማ ዝና በጆሯቸው ገብቶ ለትልቁ መድፋቸው ስም ሆነ። የከተማይቱን ከበባ በሥዕል አድርጎ ለአውሮጳ ሕዝብ ያሳየው ሰው ደግሞ፥ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1860 ዓ.ም. እርሳሱንና የውሃ ቀለሙን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዛሬው ዓምዳችን የምናወሳው የዚህን ሰው፥ የዊልያም ሲምፕሰንን ሕይወት ነው። ዘመኑን ለማሳሳት እንዳንቸገር የሠዓሊውን ዕድሜ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ታሪክ ግን በራሳችን አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

ዊልያም ሲምፕሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 28 ቀን 1823 በእስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ነው። ቤተ ሰቡ ድኻ ነበር። ግላስጎ በዚያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካና የእንፋሎት ኃይል በአንድ ትውልድ ውስጥ ያሳበጣት ከተማ ነበረች። ከገጠር የጎረፈው ሕዝብ በአሮጌዎቹ ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ተፋፍጎ፥ በጠባብ መተላለፊያና በጨለማ ጓሮ ይኖር ነበር። ሕፃኑ ሲምፕሰን ጥቂት ዘመን ፐርዝ በምትባል ከተማ ከአያቱ ዘንድ ተቀምጦ አሥራ አምስት ወር ያህል ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በቀር በሥርዓት የተማረው ትምህርት አልነበረም። ዲፕሎማ ይዘው ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶቻችን ይህን ማንሣታችን ትምህርትን ለማሳነስ አይደለም፤ ሰውየው የጎደለውን በምን እንደ ሞላው ከዚህ በታች እናያለን።

ገና ልጅ ሳለ ከማተሚያ ቤት ገብቶ ተለማማጅ ሆነ። ሥራው ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ኅትመት ነበር። ይኸውም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ስብ ባለው እርሳስ ሥዕል ይሣልና ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፤ ቀለም ሲቀባ ስቡ ቀለሙን ይይዛል፥ እርጥቡ ድንጋይ ግን ይመልሰዋል። ወረቀት ተጭኖ ሲነሣ ሥዕሉ ይታተማል። ፎቶግራፍን በጋዜጣ ማተም ባልተቻለበት በዚያ ዘመን፥ ዓለም የሩቅ አገርን መልክ የሚያየው እንዲህ ባለ ዘዴ ነበር። ሲምፕሰን ቀን በድንጋዩ ላይ ሲደክም እየዋለ ማታ ለሠራተኞች በተከፈተው ትምህርት ቤት ሳይንስና ሥዕል ይማር ጀመር። ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ያስተማረው ግን መንገዱ ነው። አሠሪዎቹ ስለ ጥንታዊት ግላስጎ ለሚዘጋጅ መጽሐፍ አሮጌ ቤቶችን እየዞረ እንዲሥል ላኩት። ልጁም ደብተሩን ይዞ በየሰፈሩ፥ በየጓሮው፥ በየድልድዩ ሥር እየቆመ ይሥል ነበር። ልብስ የተሰጣባቸውን መስኮቶች፥ የዘመሙትን ደረጃዎች፥ የሸቀጥ መደርደሪያዎቹን፥ በበራፍ የተቀመጡትን አሮጊቶች ሁሉ መዘገበ። ከዚያ ደብተር ምን እንደ ወጣ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ ቀለም ጥቂት ማለት ይገባናል። የአገራችን ሰው የለመደው ሥዕል የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ከዚያም ወዲህ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሚሠራው መጥቷል። በሁለቱም ቀለሙ ድፍን ነው፤ ሥሩን ይሸፍናል። የውሃ ቀለም ግን የተፈጨ ቀለም በግራር ሙጫ ተለውሶ በውሃ የሚቀጥን ነገር ስለ ሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው የነጠላውን ንጣት፥ የቆርቆሮውን ብልጭታ፥ የደመናውን ጠርዝ ለማሳየት ቢፈልግ ቦታውን ሳይነካ መተው አለበት። ከሳሳው ተነሥቶ ወደ ጨለማው ይሄዳል እንጂ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አይመለስም። የተሳሳተው አይፋቅም። ከዚህም ሌላ ዕቃው ቀላል ነው፤ አንዲት ትንሽ ሣጥን፥ ሁለት ብሩሽ፥ የውሃ ኮዳና ወረቀት በአንድ ከረጢት ይገባሉ። ለመንገደኛና ለአደባባይ ሠዓሊ የተፈጠረ ያህል ነው።

ሲምፕሰንም ይህን ጠባዩን በደንብ ያውቅ ነበር። በቦታው ላይ ቆሞ በእርሳስ ፈጥኖ ይነድፍና ጥቂት ቀለም ይለቅበታል። የሰዎቹን ልብስ፥ የድንጋዩን ዓይነት፥ የጥላውን አቅጣጫ በጽሕፈት ይመዘግባል። ማታ በድንኳኑ ወይም ከተመለሰ በኋላ በቤቱ ተቀምጦ ያጠናቅቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1851 ወደ ሎንዶን ሄዶ ዴይና ልጁ በሚባለው ትልቅ የድንጋይ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የክሪሚያ ጦርነት ሲነሣ አንድ የሥዕል ነጋዴዎች ቤት ወደ ጦሩ ግንባር ላከው። ኅዳር ወር 1854 ባላክላቫ ደረሰ። ብርዱና ጭቃው፥ በሽታውና የስንቁ እጦት ወታደሩን ከጥይት ይልቅ ሲፈጀው አየ። ያየውንም ሣለ። ከዚያ የወጣው በሁለት ጥራዝ የታተመው የሥዕል መጽሐፍ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተበረከተ፤ ሰውየውም በሕዝብ ዘንድ የክሪሚያው ሲምፕሰን ተባለ።

ነገር ግን ከዚያ ዝና ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ሠዓሊው ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ገልጦታል። ሲምፕሰን ክሪሚያ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኞች በተሳሳተ ትእዛዝ ወደ መድፍ አፍ ጋልበው አልቀው ነበር። ግልቢያውን የመሩት መኰንን ሎርድ ካርዲጋን ናቸው። ሠዓሊው በቦታው ስላልነበረ የዐይን ምስክሮችን ጠይቆ ሥዕሉን ነደፈና እንዲያርሙት ለመኰንኑ አሳያቸው። ትክክል አይደለም ብለው መለሱለት። ሁለተኛ አሳያቸው፥ አሁንም አልተቀበሉትም። በሦስተኛው ጊዜ ግን እጅግ አመሰገኑት። ምሥጢሩ አንድ ነበር፤ በሦስተኛው ሥዕል ሎርድ ካርዲጋን ከሁሉ ቀድመው በጉልህ እንዲታዩ አድርጎ ሥሏቸው ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት የሚጽፉ ወጣት ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። እኛም ፈገግ ብለናል። ነገሩ ግን ከፈገግታ ያልፋል። ሥዕል ምስክር ነው፤ ምስክሩ ደግሞ የሚከፍለውን ሰው ፊት ማየት ከጀመረ ምን ያህሉን እውነት እንደ ያዘ እንጠይቃለን። ሲምፕሰን ይህን ጉዳይ ሳይደብቅ መናዘዙ የሚያስመሰግነው ነው። ጥያቄው ግን በኋላ ወደ እኛ አገር በመጣ ጊዜ አብሮት መጥቷል።

ከክሪሚያ በኋላ ማተሚያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ህንድ ላከው። በዚያ ትልቅ አገር ሦስት ዓመት ያህል ዞረ። ገበያውን፥ መቅደሱን፥ የሂማላያን ተራራ፥ የእጅ ጥበበኛውን ሁሉ በደብተሩ ሰበሰበ። ተመልሶም ለትልቅ መጽሐፍ የሚሆኑ 250 የውሃ ቀለም ሥዕሎች ለማዘጋጀት ሌት ተቀን ደከመ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን ማተሚያ ቤቱ ከሠረ። ሥዕሎቹም እንደ ማንኛውም የከሳሪ ንብረት ተሸጠው ተበተኑ። የሰባት ዓመት ድካም በአንድ ጊዜ ከእጁ ወጣ፤ ይህን ሐዘን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። በዚያን ጊዜ ዕድሜው አርባ አራት ሊሞላ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ብሩሹን ይሰቅል ነበር። ሲምፕሰን ግን ኢለስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ ለሚባለው ባለ ሥዕል ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጓዥ ሠዓሊ ሆኖ እንደ ገና ተነሣ።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣውም ይኸው ጋዜጣ ነው። ጄኔራል ናፒየር የታሠሩትን አውሮጳውያን ለማስፈታት ጦር ይዞ በዙላ በኩል ወጥቶ ነበር። ሲምፕሰንም በዚያው ዓመት የጦሩን መንገድ ተከትሎ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከጥቂት ቀን በኋላም መቅደላ ተቃጠለች። ሲምፕሰን ከዚህ ጉዞ የአገራችንን ተራሮችና ሰዎች የሚያሳዩ የውሃ ቀለም ሥዕሎችና አንድ የጉዞ ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። ማስታወሻው ከ130 ዓመት በላይ ቈይቶ በዘመናችን በታሪክ ጸሐፊው በሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅነት ታትሟል።

በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ያለንን ስሜት ሳንሸሽግ እንናገር። ድንጋዩ ድንጋይ፥ ሰማዩም ሰማይ ነው። ተራሮቻችንን አይቶ በትዕግሥት የመዘገበ እጅ ስለ ሆነ እናመሰግነዋለን። ይሁን እንጂ ሠዓሊው የመጣው በአሸናፊው ጦር መንገድ፥ በአሸናፊው አገር ጋዜጣ ወጪ ነው። ያ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጦ ነበር፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም ከዚያ ሎንዶን ገብተዋል። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት ዳገት የጐተተው ገበሬና ወታደር ግን ሠዓሊ አልነበረውም። የተላጠ ትከሻውን፥ የተበጠሰ ገመዱን፥ በብርድ ያደረበትን የጨጨሆን ሌሊት በወረቀት ያሰፈረለት የለም። አንዱ ሴባስቶፖል በሁለት ጥራዝ መጽሐፍ ታትሞ ለንግሥት ተበረከተ፤ ሌላው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፥ አምሳያውም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

በዐፄ ቴዎድሮስ አገር ሠዓሊ አልነበረም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ነበሩ። ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊም ነበር፤ በመጀመሪያ ከደጃዝማች ውቤ፥ በኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ሃያ ዓመት ያህል የኖረ፥ ኢትዮጵያዊት አግብቶ የወለደ ሰው ነው። ሴት ልጁን መድፍ ሠሪው ሞሪትዝ ሆል አገባት፤ ስመ ጥሩው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ከዚህ ዘር የመጣ ነው። ዛንደርም የአገሩን መልክ ይሥል ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ከብሩሽ ይልቅ ወናፍና ምድጃ የሚፈልግ ዘመን ሆነና ጋፋት የታወቀችው በቀለም ሳይሆን በመድፍ ነው። ዛንደር ከመቅደላ ነጻ በወጣበት ዓመት ሞተ። የያኔዋ ደብረ ታቦር ተቃጥላለች፤ ከዚያ በፊት በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጥላ ነበር። የሁለቱን ከተሞች ሰፈር በዚያን ጊዜ እየዞረ፥ ቤት ለቤት፥ በር ለበር የሣለ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ያህል ሀብት በእጃችን ይኖር እንደ ነበር ማሰብ ነው።

ሲምፕሰን ከኢትዮጵያ ወጥቶ ዕረፍት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1869 ኢየሩሳሌም ገብቶ ከመሬት በታች የሚቈፈረውን ጥንታዊ ፍርስራሽ በሻማ ብርሃን ሣለ። በዚያው ዓመት የሱዌዝ ቦይ ሲከፈት ተገኘ። በ1871 የፓሪስ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ተነሥቶ በየመንገዱ ምሽግ ሲሠራ እዚያው ነበር። በ1872 የቻይናን ንጉሠ ነገሥት ሠርግ ለመዘገብ ፔኪን ሄደ፤ ከዚያም በአሜሪካ አድርጎ ምድርን ዞሮ ተመለሰ። በአፍጋኒስታን ተራሮችም ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ንጉሣዊ ማኅበርም በአባልነት ተቀበለው። ካምሳ ሰባት ዓመቱ በኋላ አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።

ይህን ሁሉ አገር ያየ፥ ነገሥታትንና ጦርነቶችን የሣለ ሰው በስተርጅናው ምን ሠራ? ከሣጥኑ ሥር ያን የልጅነት ደብተሩን አወጣ። በተለማማጅነቱ ዘመን በግላስጎ ጓሮዎች እየቆመ የነደፋቸውን የእርሳስ ሥዕሎች አንድ በአንድ እያየ በውሃ ቀለም አጠናቀቃቸው። በመካከሉ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ከተማይቱም ያቺ ከተማ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1866 በወጣ ሕግ መሠረት አሮጌዎቹ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ለጤንነት ሲባል መፍረሳቸው ተገቢ ነበር፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ታይፈስና ኮሌራ ይፈጁ ነበርና። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1870 የቀድሞ ሕንፃውን ለባቡር ድርጅት ለቆ ሄዷል። ስለዚህ ሽማግሌው የሣላቸው አብዛኞቹ ቤቶች በምድር ላይ የሉም። ያሉት በሱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የግላስጎ ከተማ ከ50 በላይ የሚሆኑትን ሥዕሎች ገዝቶ ለሕዝብ አኖራቸው፤ በመጽሐፍም ታተሙ። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፥ ነሐሴ 17 ቀን 1899፥ ዊልያም ሲምፕሰን ሎንዶን አጠገብ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ የዚህን ሰው ሥራ ስንመዝን ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። በክሪሚያ ሥዕል ላይ የመኰንን ክብር ጥላውን ጥሎበታል። በኢትዮጵያው ላይ የጦሩ መንገድ አለበት። በግላስጎው ላይ ግን ማንም አላዘዘውም፥ ማንም በጉልህ እንዲሣል አልጠየቀውም። ልብስ ያሰጣች ሴትዮና በደረጃ የተቀመጠ ልጅ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አይመልሱም። ድኻ ሆኖ ያደገበትን ሰፈር ሳያሳምር፥ ሳያሳፍርም፥ እንደ ነበረ አስቀመጠው።

ይህን ጽሑፍ በጋይንት የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል በሥራ ተመድበው ነፋስ መውጫ፥ አርብ ገበያ፥ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የሚቀመጡ እንዳሉ እናስባለን። በነዚያ ከተሞች ማታ ማታ የሚያሳልፉት ጊዜ አላልቅ ብሏቸው የሚያማርሩ ጓደኞችም አሉን። ጋይንት ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ ወደ ቤተ ልሔም የሚመጡ የአብነት ተማሪዎችን ያስተናገደ አገር ነው፤ የትዕግሥት ትምህርት እዚያ አዲስ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ ምሰሶና የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት፥ በበረንዳው ላይ መኪናውን የሚረግጠው ልብስ ሰፊ፥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት፥ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት የለበሰ በር፥ በገበያ ቀን ከሲማዳና ከእስቴ ገጠር አህያውን እየነዳ የሚመጣው ሕዝብ፥ እነዚህ ሁሉ የተለመዱ ስለ ሆኑ ማንም ልብ ብሎ አያያቸውም። ነገ አዲስ መንገድ ሲቀየስ ወይም ፎቅ ሲሠራ ግን አይገኙም። መፍረሳቸውን አንቃወምም፤ የተሻለ ቤት ለሕዝቡ ይገባዋል። የምንቃወመው ሳይታዩ መጥፋታቸውን ነው።

ፎቶግራፍ አለ እንባል ይሆናል። አዎን፥ ዛሬ በሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለ፤ የጋይንትን ገበያ በአንድ ቀን ሺህ ጊዜ ማንሣት ይቻላል። ነገር ግን አንድን በር ለመሣል አንድ ሰዓት የቆመ ሰው የባለቤቱን ስም፥ የቤቱን ዕድሜ፥ የአጥሩን ጠብ ሳይሰማ አይመለስም። ልጆች ይከቡታል፥ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ የሱን አጎት ቤት ለምን ተውከው ይለዋል። ሥዕሉ ባያምርም ዐይኑ ይሠለጥናል። አገር የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ ከሠለጠነ ዐይን የሚበልጥ መሣሪያ ያለው አይመስለንም።

የውሃ ቀለም ሣጥን ባይገኝ እርሳስና ደብተር ይበቃል፤ ሲምፕሰንም የጀመረው በዚያ ነው። ለነፋስ መውጫ ሠዓሊ ግን አንድ ምክር እንጨምራለን። ወረቀቱን በአራት ጠጠር ይጫነው፥ ቀለሙንም ነፋሱ ሳያደርቀው ቶሎ ይሥራ።